ፍሪጅ ፊት የቆመ ነጠላ ጫማ

ሰው ሰው ቤት ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር አለው። አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶ ያያል፣ ሌላው ሶፋውን ይገምታል፣ ምቀኛው ደግሞ የቴሌቪዥኑን ስፋት በዓይኑ ይለካል። ደግፌ ግን የሚያየው መሬቱን ነው። ነጠላ ጫማ ይፈልጋል። በር ላይ የወለቀውን አይደለም፤ እሱማ የትም ቤት አለ። ደግፌ የሚፈልገው ፍሪጅ ፊት፣ ምድጃ ሥር ወይም ካውያ የሚሰካበት ጥግ ላይ ብቻውን ቆሞ እግር የሚጠብቀውን የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። እሱን ሲያይ ትከሻው ላይ ያለውን ቦርሳ ያወርዳል። ሕመምተኛው ተገኝቷል ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ሰው፣ ይልቁንም የእኛ የኮልፌ ሰው፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ተቻችሎ መኖር ያውቅበታል። ፍሪጁ ይነዝራል? ስሊፐር አድርጎ መክፈት ነው። ምድጃው ይቆነጥጣል? በእንጨት ማማሰያ ማማሰል ነው። ካውያው እጅ ያደነዝዛል? ካርቶን ላይ ቆሞ መተኮስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ስለ ውሻችን እንደምናስጠነቅቀው ሁሉ «ፍሪጁን በባዶ እግርህ እንዳትነካው፣ ትንሽ ይነዝራል» እንለዋለን። ውሻ እንኳ ከነከሰ ይታሰራል። ፍሪጅ ግን እንደ ቤተ ዘመድ ስለሚቆጠር ጠባዩ ይቻላል። ደግፌን የሚያበሽቀው ይቺ «ትንሽ» የምትባል ቃል ናት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይላታል።

ደግፌ ተወልዶ ያደገው ቆሼ አጠገብ ነው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያባርር እሱ ከቆሻሻ ለቃሚዎቹ ላይ የተቃጠለ ካውያና ሆዱ የጠቆረ ምድጃ እየለመነ ቤት ያመጣ ነበር። ለቃሚዎቹ ዕቃውን የሚፈቱት መዳቡን ለመሸጥ ነው። እሱ የሚፈታው ምን እንደገደለው ለማወቅ ነበር። አንዱ ገመዱ ተበልቶ ሞቷል፣ አንዱ ውሃ ገብቶበት፣ አንዱ ደግሞ ስፒናው ውስጥ ያለችው ኢምንት ብሎን ላልታ። እናቱ ለጎረቤት «ሐኪም ይወጣዋል ስል የሬሳ መርማሪ ሆኖ አረፈው» እያሉ ይስቁ ነበር። ሲያድግ ሙያውን ተማረና ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ቤርጎ ውስጥ የጥገና ሥራ አገኘ።

እዚያ ያገኛቸው የጥገና ኃላፊ ፈሊጠኛ ሰው ነበሩ። በየጊዜው ከእንግዳ ክፍሎቹ ውስጥ ማፍያውን፣ የራስጌ መብራቱን፣ የፀጉር ማድረቂያውን እያወረዱ ይፈትሻሉ። ደህናው ዕቃ ገመዱ ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰርለታል፤ የታመመው ቀይ ክር ታስሮበት ወደ ጥገና ክፍል ይወርዳል። ወረቀት ቢለጠፍ ይላጣል፣ በቀለም ቢጻፍ ይታጠባል፣ ክር ግን ይቆያል ይሉ ነበር። ደግፌ ያቺን የክር ዘዴ እስከ ዛሬ አልተዋትም። ሚስቱ ጥሩብርሃን ጃኬቱን ስታጥብ ከኪሱ አረንጓዴና ቀይ ክር እያወጣች «ልብስ ሰፊ ነው ወይስ ጠንቋይ ያገባሁት?» ትለዋለች።

ነገር ግን በዚያ ቤርጎ የሚፈተሸው የእንግዳ ዕቃ ብቻ ነበር። የሠራተኛ ካውያ ማን ዞር ብሎ ያየዋል። ልብስ አጣቢዋ በላይነሽ ካውያው እንደሚነዝራት ስትናገር አለቆቹ ስሊፐር ገዝተው ሰጧት። መስጠታቸው እንደ ደግነት ተቆጥሮላቸው፣ እሷም አመስግና ተቀበለች። አንድ የክረምት ጧት ጣሪያው አፍስሶ ወለሉ ረጥቦ ነበር፤ ስሊፐሩም ከማለቁ የተነሳ ተረከዙ ላይ ወረቀት አክሏል። ደግፌ ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ ካውያው እጇ ላይ ነበር። «ልቀቂው» ይሏታል፣ መልቀቅ አልቻለችም። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ደግፌ ሮጦ ስፒናውን ነቀለው። በላይነሽ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ ጨብጦ አያውቅም። እጅ የሌላት ልብስ አጣቢ ምን ልትሠራ ነው? ዛሬ አስኮ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ደግፌ ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር ሊጠይቃት ይሄዳል፣ እሷም የያዘላትን በግራ እጇ ትቀበለዋለች። ስለ ካውያው አያወሩም። እሱ ግን ከአስኮ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ የራሱን እጅ እየጨበጠ ይዘረጋል።

ከቤርጎው ወጥቶ በየቤቱ መዞር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ለሰው አይገባም ነበር። ጥገና ሠሪ የሚጠራው ዕቃ ሲበላሽ ነው፤ ደግፌ ደግሞ የሚመጣው ላልተበላሸው ነው። «የሚሠራ ዕቃ ምን ሊሠራለት ነው?» ብለው በር ላይ ይመልሱታል። ጥሩብርሃንም «ሰው ሳይታመም ሐኪም አይጠራም። አንተ በር እያንኳኳህ ደህና አደራችሁ ወይ ትላለህ» ትለው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ዓለም ባንክ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ከነዕቃው የሚያከራዩ ሰዎች ተከራይ ከመግባቱ በፊት ይጠሩት ጀመር። ተከራዮችም አረንጓዴ ክር ያለበትን ቤት መጠየቅ ለመዱ። እንዲህ እያለ ወሬው አጠና ተራ ጀርባ ወይዘሮ ዋጋነሽ ግቢ ደረሰ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ መርካቶ የቆርቆሮ ሱቅ የነበራቸው የአቶ ገብረወልድ ባለቤት ናቸው። አቶ ገብረወልድ ካረፉ ወዲህ ሴትዮዋ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከኋላ በኩል የተደረደሩትን ሰርቪስ ክፍሎች ያከራያሉ። ትልቁ ቤት የጀርባ ግድግዳ ላይ ግቢው ሁሉ የሚጠቀምበት የውሃ ቧንቧ አለ። ደንባቸው ጥብቅ ነው። ክፍል ሊያከራዩ ሲያስገቡ ከስም በፊት የሚናገሩት «ምድጃና ካውያ ክልክል ነው» የሚለውን ነው። ተከራዩም «እሺ እትዬ» ይልና ካውያውን በአንሶላ ጠቅልሎ ይገባል። እንዲህ ያለ ደንብ የሌለበት ግቢ ኮልፌ ውስጥ ማግኘት ይቸግራል፤ የሚያከብረውን ተከራይ ማግኘት ደግሞ የባሰ ይቸግራል።

ነገሩ የተነሳው አህመድ ላይ ነው። አህመድ አጠና ተራ እንጨት የሚሸጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ተከራይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ቧንቧው ጋ ሄደ። ስሊፐር አድርጓል፤ ግን እግር የሚታጠበው ከጫማ ወጥቶ ነው። አንዱን እግሩን አውጥቶ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ሲያሳርፍና እንዳይወድቅ ቧንቧውን ሲይዝ ነዘረውና ወርውሮ ጣለው። ማንቆርቆሪያው አንድ ወገን፣ እሱ አንድ ወገን። ክርኑ ተልጦ ሲነሳ ፈገግ እያለ «ትንሽ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውሃ የሚቀዳው በጨርቅ ጠቅልሎ እየከፈተ ነው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ደግፌን ያስጠሩት ለዚህ ነበር። በር ላይ ተቀብለው ገና ሳይቀመጥ ነገሩን ጨረሱለት።

«ማን እንደሆነች አውቃለሁ» አሉት። «ምህረት ናት። አልጋዋ ሥር ምድጃ አላት። አንተ ብቻ መርምረህ ከእሷ ነው በለኝ፣ ዛሬውኑ ዕቃዋን ታውጣ።»

ደግፌ ደነገጠ። ምህረትን ያውቃታል። ጧት ጧት ፌርማታው ላይ ቦምቦሊኖ የምትሸጠው ምህረት ናት፤ እሱም ሥራ ሲሄድ ከእሷ ሳይገዛ አያልፍም። ልጇን ሄቨንን ዩኒፎርም የሚያለብሳት ያ ቦምቦሊኖ እንደሆነ ራሷ ነግራዋለች። የት እንደምትጠብሰው ግን ጠይቋት አያውቅም ነበር። ከዚህ ግቢ ከወጣች ምድጃ የሚፈቅድላት አከራይ ከየት ታገኛለች? ቦምቦሊኖው ካልተጠበሰ ደግሞ ኪራዩም፣ ትምህርት ቤቱም የለም።

«እትዬ፣ እኔ ፈታሽ ነኝ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም» አላቸው።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፖሊስ ሰው ነው የሚፈልገው። እኔ ዕቃ ነው።»

ሴትዮዋ ነገሩ አልጣማቸውም። ደግፌ ግን አሠራሩን ነገራቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው መሃል አግዳሚ ወንበር ያወጣል። ተከራዩ ሁሉ ያለውን ዕቃ በፈለገው ነገር ሸፍኖ አምጥቶ ያስቀምጥና ክፍሉ ይገባል። ደግፌ ክፍል ውስጥ አይገባም፣ የማን ነው ብሎም አይጠይቅም። እሳቸውም እንዳይጠይቁ ቃል ይሰጡታል።

«ሽፍንፍኑ ለምንድን ነው?» አሉት ተቆጥተው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? የሚደብቁት ደግሞ እርስዎን ፈርተው ነው።»

«እኔን?» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። ራሳቸውን የሚያውቁት ግቢው ውስጥ ለታመመ አጥሚት የሚያፈሉ፣ ለተቸገረ ኪራይ የሚታገሡ ሴት አድርገው ነው፤ ያም እውነት ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ አልጠይቅም» አሉ። «ምድጃው ሆኖ ከተገኘ ግን ምህረት ትወጣለች። እዚህ ላይ አትለምነኝ። አህመድ ቢሞትብኝ ኖሮ ለእናቱ ምን እላት ነበር?»

ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ከግቢው ሲወጣ ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲፈትሽ ተመኝቶ የማያውቀውን ተመኘ፤ ምድጃው ደህና እንዲሆን።

እሑድ ደረሰ። አግዳሚው ወጣ፣ ዕቃውም በነጠላ፣ በፌስታል፣ በፎጣ እየተሸፈነ ይመጣ ጀመር። ካውያ ክልክል የሆነበት ግቢ ውስጥ ከክፍሎቹ ቁጥር የሚበልጥ ካውያ ተገኘ። ማፍያ አለ፣ ባኞ ውስጥ የሚነከር የውሃ ማሞቂያ አለ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ማከፋፈያ አለ፣ ራሱ አህመድ ደግሞ የሻይ ማፍያውን ሳይሸፍን እያሳየ አምጥቶ አስቀመጠ። ወይዘሮ ዋጋነሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አግዳሚው ሲሞላ እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ደግፌ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ገመዱን በጣቶቹ መሃል ያሳልፋል፣ አሮጊት መቁጠሪያዋን እንደምትቆጥር ቀስ እያለ። የደረቀ፣ የላላ ወይም የተበላ ቦታ ከዓይኑ በፊት ለጣቱ ይነግረዋል። ከዚያ ስፒናውን ፈትቶ ሆዱን ያያል። መጨረሻ ላይ በመለኪያው ኤሌክትሪኩ ወደ ዕቃው አካል ያመልጥ እንደሆነ ያጣራል። አረንጓዴ ክር ይታሰራል፣ አንዳንዴም ቀይ። የውሃ ማሞቂያውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀና ቀይ ክር አሰረበት። ከክፍሎቹ መጋረጃ ጀርባ ዓይኖች ይከተሉታል።

አግዳሚው ላይ ያለው ዕቃ አለቀ። ምድጃ ግን የለም። ወይዘሮ ዋጋነሽ የምህረትን በር አዩ፣ ደግፌም ሳይወድ አየ። በሩ ዝግ ነው። ደግፌ ማንንም ሳያይ፣ ለግቢው ሁሉ «ዕቃ የቀረበት ሰው ካለ እየጠበቅኩ ነው» አለ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ምህረት ምድጃውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። አልሸፈነችውም። አምጥታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ክፍሏ በመመለስ ፈንታ እዚያው ቆመች።

«የእኔ ነው» አለች። «አህመድ ከወደቀ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሰው ገድዬ ቦምቦሊኖ ልሸጥ አልችልም።»

ወይዘሮ ዋጋነሽ ከወንበራቸው ተነሱ። «አላልኩህም?» አሉ።

«ቃል ሰጥተውኛል፣ እትዬ» አላቸው ደግፌ።

ምድጃውን ፈተሸው። ገመዱ በሙቀት ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ስፒናውም ግማሹ ቀልጧል። ምኞት ገመድ አይጠግንም። «ምህረት» አላት፣ «ይሄ አልጋ ሥር፣ ብርድ ልብስ አጠገብ ነው የኖረው። አንቺንም ሄቨንንም ያቃጥል ነበር።» ቀዩን ክር ሲያስርበት ምህረት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በቃ፣ ተገኘ» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። ደስታ ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«ቆይ እስቲ» አለ ደግፌ። «የምድጃውን በሽታ አገኘን። የቧንቧውን ገና አላየሁም። ምድጃው ይኸው ተነቅሎ እዚህ አለ፤ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ቧንቧው አሁን መንዘር የለበትም።»

ከኪሱ ቴስተሩን አወጣ፤ መያዣው ውስጥ ትንሽ አምፖል ያለባት መፍቻ ናት። ጫፏን ቧንቧው ላይ ሲያሳርፋት አምፖሏ በራች። መጋረጃዎቹ ተገለጡ፣ ተከራዮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ደግፌ አህመድን የሰርቪሶቹን ብሬከር እንዲያጠፋ ላከው። የክፍሎቹ መብራት ሁሉ ጠፋ። አምፖሏ ግን እንደበራች ናት። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞሮ «እትዬ፣ የትልቁን ቤት ያጥፉልኝ» አለ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ገብተው አጠፉ። አምፖሏም ጠፋች።

ሴትዮዋ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ከቧንቧው በቀር የሚያየው ቦታ አጥቶ ነበር። «የእኔ ዕቃ ደህና ነው» አሉ። «በእጄ ነው የያዝኩት።»

«ፍሪጅ አግዳሚ ላይ አይወጣም፣ ገብቼ ልየው» አላቸው ደግፌ በቀስታ።

ማዕድ ቤት ገባ፣ እንደ ልማዱም መሬቱን አየ። ፍሪጁ ፊት የላስቲክ ነጠላ ጫማ ቆሟል። የወንድ ነው፣ ትልቅ፣ ተረከዙ ተበልቶ ያለቀ። ደግፌ ለአፍታ የሚያየው የቤርጎውን ወለል መሰለው።

«የማን ነው?»

«የገብረወልድ» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። «ፍሪጁን ስከፍት እሱን ነው የማደርገው። ባዶ እግሬን ስሆን ትንሽ ይነዝረኛል።»

ትንሽ። ደግፌ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ጀርባውን አየ። ሞተሩ አጠገብ የገመዱ ልባስ አርጅቶ እርጥበት ገብቶበታል፤ አሮጌ ጣሪያ እንደሚያፈስ ኤሌክትሪኩን ወደ ፍሪጁ ብረት ያፈሳል። ከፍሪጁ ብረት ደግሞ አንዲት ሽቦ ተነስታ በመስኮቱ ሥር ወጥታ ሄዳለች። ተከተላት። ግድግዳውን አልፋ የውሃው ቧንቧ ላይ፣ በንጹሕ እጅ ተጠምጥማ ታስራለች።

«ይቺን ሽቦ ማን አሰራት?»

«ገብረወልድ ነዋ። ዱሮ ፍሪጁ ሲነዝረኝ ጊዜ ከቧንቧው ጋር አሰረልኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ነክቶኝ አያውቅም።»

«ታዲያ እንደገና የጀመረዎት መቼ ነው?»

አሰቡ። «ባለፈው ክረምት። የመሬት ውስጡ ቧንቧ ዝጎ እያፈሰሰ በፕላስቲክ ያስቀየርኩ ጊዜ... እንግዲህ አረጀ ብዬ የእሱን ስሊፐር አመጣሁለት።»

ደግፌ ገባው። ከፍሪጁ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ድሮ በዚያች ሽቦ ወደ ብረቱ ቧንቧ ሄዶ መሬት ውስጥ ይገባ ነበር። ፕላስቲክ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መውረጃ ያጣው ነገር ከላይ፣ ግድግዳው ላይ በቀረው ብረት ላይ ቆሞ፣ ልባሱ ባረጀ ቁጥር እየበረታ፣ የሰው እጅ ሲጠብቅ ከረመ። ይህንኑ ለሴትዮዋ አስረዳቸው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያ አህመድን የጣለው ገብረወልድ ነው?»

«አይደሉም፣ እትዬ። እሳቸው ያሰሩት በጊዜው ልክ ነበር። ሽቦዋም እስከ ዛሬ አልላላችም፤ እርስዎ እንዳይነዝርዎት ብለው አጥብቀው አስረዋታል። ከሥሯ ያለው ቧንቧ ነው የተቀየረው። ማንም ዞር ብሎ አላያትም እንጂ ጥፋት የለባትም።»

ሴትዮዋ አለቀሱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየ የለም፤ ደግፌም እንዳላየ ሆኖ ፍሪጁ ጀርባ አጎነበሰ። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ጠርገው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ» አሉ፣ እንባቸው ሳይደርቅ እየሳቁ።

የቀረው ሥራ የጋራ ሆነ። ደግፌ የፍሪጁን ገመድ ቀየረ። ግቢው ጥግ ላይ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ የመዳብ ዘንግ መቅበር ነበረበትና ዘንጉን የተከለው አህመድ ነው፤ እንጨት ሲተክል ያደገ ሰው ለዘንግ አያንስም። የአቶ ገብረወልድን ሽቦ ከቧንቧው ላይ በገዛ እጃቸው የፈቱት ወይዘሮ ዋጋነሽ ናቸው። ምህረትም አዲስ ገመድና ስፒና የገባለት ምድጃዋ ፊት ቆማ ደግፌ ሲለካው ትንፋሿን ያዘች። መለኪያው ደህና ሲል ቀዩን ክር ፈታና አረንጓዴውን አሰረለት።

መብራቱ ሁሉ ተመለሰ። ደግፌ ቴስተሩን ቧንቧው ላይ አደረገ፣ አምፖሏ አልበራችም። «ጨርሰናል፣ ንኩት» አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ቴስተሩን ያምናሉ፣ እጃቸውን ግን አያምኑም።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ከበረንዳው ወረዱ። እርጥቡ ሲሚንቶ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ገብተው ቧንቧውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቆዩ። ከዚያ ከፍተው ፊታቸውን ታጠቡ።

«ዝም ብሏል» አሉ። ወደ ምህረትም ዞሩ። «አንቺ ደግሞ፣ የቦምቦሊኖ ሽታ ይደበቃል ብለሽ ነው? ሄቨንን ታሳድግበት ብዬ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩሽ። ሰው ሲነዘርብኝ ነው የጨከንኩት። ከእንግዲህ አልጋ ሥር እንዳላየው። እዚህ በረንዳዬ ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሰው እያየው ጥበሺ። ክር የሌለበት ዕቃ ነው ክልክሉ፤ ለሁላችሁም ነው የምለው።»

ምህረት ጉልበታቸውን ልትስም አጎነበሰች፣ እሳቸውም «ተዪ ወዲያ፣ ትኩስ ሲወጣ ታቀምሽኛለሽ» ብለው አነሷት።

ደግፌ ዕቃውን ወደ ቦርሳው ሲከት የዐስር አዛን ተሰማ። አህመድ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ወይዘሮ ዋጋነሽ «ቆይ አንተ» ብለው ወደ ማዕድ ቤት ገቡና የባላቸውን ነጠላ ጫማ ታጥቦ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ይዘው ወጡ። ቧንቧው ሥር አስቀመጡት።

«ለውዱእህ» አሉት። «እግሩ ትልቅ ነበር፣ ይበቃሃል። ፍሪጁ ከእንግዲህ አይፈልገውም።»

«አላህ ይማራቸው» አለ አህመድ፣ ነጠላ ጫማውንም አደረገ። ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን ታጠበ። እግሩ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ አንዱን እግሩን ከጫማው አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈና፣ እንዳይወድቅ ቧንቧውን ያዘ። ደግፌ የቦርሳውን ዚፕ መዝጋት ትቶ የአህመድን እጅ አየ። ይዞ ቆየ፣ እግሩን ታጥቦ ጨረሰ፣ ከዚያም ሲፈልግ ለቀቀው።